የእንስሳት ጤና ቴክኒሻኖች ማኅበር እንዴት ይቋቋማል? በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለምትሠሩ

በሐና ማርያም፣ በለቡ ወይም በጀሞ አንዲት የወተት ላም እኩለ ሌሊት ላይ ምጥ ቢጠናባት ባለቤቷ ስልኩን አንሥቶ የሚደውለው አብዛኛውን ጊዜ ለእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነው። ዶሮዎች በፈንግል ሲመቱ፣ ውሻ ሲከተብ፣ ለምርመራ ደም ሲቀዳ፣ ሥጋ ሲመረመር የቴክኒሻን እጅ አለበት። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ተጀምሮ ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና ማር በከተማ ጓሮም እንዲመረቱ መገፋፋት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሥራው ሰፍቷል።

ሥራው ሲሰፋ ሠራተኛው ብቻውን መቅረት የለበትም። ቴክኒሻን በውሻ ሲነከስ፣ በላም ሲረገጥ፣ የታከመ ከብት ሞቶ ጥፋቱ በእሱ ሲላከክ፣ ወይም ከዓመታት በፊት የተማረው ትምህርት ሲያረጅበት ከጎኑ የሚቆም የሙያ ማኅበር ያስፈልገዋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም ለተነሣችሁ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ማኅበር በመጀመሪያው ዓመት ለአባሉ የሚጨበጥ ነገር ካልሰጠ በሁለተኛው ዓመት ስብሰባ የሚመጣ ሰው አያገኝም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከናንተ በፊት የተሠራውን እወቁ

የእንስሳት ሐኪሞች በኢትዮጵያ የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ማኅበሩ መጽሔት ያሳትማል፣ ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ወደዚያ ሄዳችሁ ማነጋገር ነው። ቴክኒሻኖችን በምን መልክ ሊያቅፍ እንደሚችል ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድም የእናንተን ሙያ የሚመለከት የተመዘገበ ማኅበር ካለ አስፈትሹ። ካለ፣ እዚያ ገብታችሁ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ቅርንጫፍ መሆን አዲስ ከመፍጠር ይቀልላል፤ ደካማ ሆኖ ብታገኙት እንኳ ማጠናከሩ ሌላ ከመመሥረት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሁለት ደካማ ማኅበራት ጎን ለጎን ቆመው በአንድ አባል ሲሻሙ ማየት ለሙያው አይበጅም።

ከሐኪሞቹ ለይቶ መደራጀት ማፈንገጥ የሚመስላቸው አሉ። አዋላጆችን ተመልከቱ። የኢትዮጵያ አዋላጆች ማኅበር በ1992 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ሐኪሞችም ነርሶችም ቀድሞውኑ ማኅበር ነበራቸው። አዋላጆቹ የራሳቸው የሥራ ድርሻና የራሳቸው ጥያቄ ስለነበራቸው ተደራጁ፤ ዛሬ በእናቶች ጤና ጉዳይ ድምፃቸው የሚሰማ ሆኗል። የውጭውም ልምድ ይኸው ነው። በብሪታንያ የእንስሳት ሕክምና ነርሶች በ1965 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ቴክኒሻኖች በ1981 እ.ኤ.አ. የየራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሐኪሞችንም ከሐኪም በታች ያሉ ባለሙያዎችንም በአንድ ቦርድ ሥር ትመዘግባለች።

ለአባላት ስትናገሩ የአገራችንን ታሪክም አትርሱ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የደስታ በሽታ የገበሬውን በሬ ጨርሶ የክፉ ቀንን ረኃብ አምጥቷል። ይህ በሽታ ከኢትዮጵያ የተነቀለው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. በአፋር ሲሆን፣ ተሽከርካሪ በማይገባበት በረሃ ሙቀት የሚቋቋመውን ክትባት ይዘው ከመንጋው ጋር የተጓዙት ከራሱ ከማኅበረሰቡ ተመርጠው የሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ነበሩ። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ነፃ መሆናቸው ተረጋገጠ። «ረዳት» እየተባለ የሚታለፈው ሰው ምን እንደሠራ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

አባል ማን ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ በኋላ የሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫልና። በክፍለ ከተማችን ውስጥ በአንድ ስም የምንጠራቸው ሰዎች በትምህርትም በሥራም አንድ አይደሉም። በድሮው የእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥኖ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ አለ። ከአላጌ፣ ከሆለታ፣ ከአጋርፋ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከሌላ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በዲፕሎማ የወጣ አለ። በደረጃ ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ የያዘ አለ። አዳቃይ ቴክኒሻን አለ፤ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን አለ፤ ሥጋ መርማሪ አለ። በመንግሥት ክሊኒክ የሚሠራ፣ በግል ክሊኒክ የተቀጠረ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት የከፈተ፣ በሞተር ሳይክል እየዞረ የሚያክምም አለ።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የብቃት መመሪያ እነዚህን ባለሙያዎች በሦስት መስመር ያያቸዋል፦ የእንስሳት ጤና፣ የእንስሳት ምርቶችን የሚመለከት የኅብረተሰብ ጤና፣ እና ላቦራቶሪ። ለእናንተም ይህ አከፋፈል ይጠቅማል። ሦስቱንም መስመሮች ክፈቱ፤ ሙሉ አባልነት ግን ከታወቀ ተቋም የትምህርት ማስረጃ ላለው ብቻ ይሁን። ተማሪ ያለ ድምፅ በተባባሪነት ይግባ። በልምድ ብቻ መርፌ የሚወጋውን ሰው በተመለከተ ግን ጨክኑ፤ በርኅራኄ ብታስገቡት የማኅበራችሁ መታወቂያ የማታለያ ወረቀት ይሆናል። እሱን መርዳት ከፈለጋችሁ ወደ ሥልጠና የሚገባበትን መንገድ አሳዩት።

ስም ዝርዝሩን ለማሰባሰብ ወደ ክፍለ ከተማው የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ከዚያ የየወረዳውን ባለሙያ ታገኛላችሁ። የግሎቹን ለማግኘት ግን እግር ያስፈልጋል። ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ ያሉትን የእንስሳት መድኃኒት ቤቶችና ክሊኒኮች አንድ በአንድ ዙሩ። ስም፣ ስልክ፣ የተማረበት ተቋም፣ የተመረቀበት ዓመት፣ የሚሠራበት ቦታ፣ በአንድ ደብተር ይመዝገብ። በዚያው ዙር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «በሥራህ ላይ በጣም የቸገረህ ምንድን ነው?» ሴቶቹንም በተለይ ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ ማታ ሲጠሩ ብቻቸውን ወደማያውቁት ግቢ የሚገቡ ናቸውና ከወንዱ አፍ የማትሰሙትን ይነግሯችኋል። መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፉት። የማኅበሩ ዓላማ የሚቀዳው ከዚህ ደብተር ነው።

ስብሰባ ስትጠሩ የሥራውን ሰዓት አስቡ። ላም የምትታለበው ጠዋትና ማታ ነው፤ ጥሪም የሚበዛው ያኔ ነው። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሆን በሁለቱ አለባ መካከል ስለሚውል ከቅዳሴም ከሥራም አይጋጭም።

አንድ ችግር ምረጡና ፍቱ

ደብተራችሁ በብዙ ችግር ይሞላል፦ ደመወዝ፣ የደረጃ ዕድገት፣ ጓንትና ቦት ጫማ፣ ሥልጠና፣ የትራንስፖርት አበል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅና በጥቂት ወራት ውስጥ ውጤቱ የሚታይ አንድ ነገር ምረጡ። እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያው ሥራ አባላትን ከእብድ ውሻ በሽታ መጠበቅ ይሁን እላለሁ።

በየቀኑ ውሻ የሚይዝ፣ ምራቅ የምታዝረበርብ ላም አፍ ውስጥ «አንድ ነገር ተሰክቶባት ይሆናል» ብሎ እጁን የሚከት ሰው ሳይነከስ በፊት መከተብ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ለቅድመ መከላከል በመጀመሪያው ቀንና ከሰባት ቀን በኋላ የሚሰጡ ሁለት ክትባቶች ይበቃሉ ይላል። አስቀድሞ የተከተበ ሰው ከተነከሰ በዚያው ዕለትና ከሦስት ቀን በኋላ ብቻ ይደገምለታል፤ ውድ የሆነውና እንደ ልብ የማይገኘው ኢሚዩኖግሎቡሊን አያስፈልገውም። እንግዲህ የአባላቱን ስም ዝርዝርና የሥራ ዓይነት የያዘ ደብዳቤ አዘጋጅታችሁ ወደ ክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤትና ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውሰዱ። አንድ ቴክኒሻን ለብቻው ቢጠይቅ «ተነክሰሃል ወይ?» ይባላል፤ አርባ ሰው በአንድ ደብዳቤ ሲጠይቅ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ከዚሁ ጋር በእያንዳንዱ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ ጊዜ ሳያባክን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የነከሰው እንስሳ ስም፣ ባለቤትና ቦታ ይመዝገብ። መስከረም 18 ገደማ የሚውለው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ደግሞ ማኅበራችሁ ከወረዳው ጋር የውሻ ክትባት ዘመቻ ይዞ በሕዝብ ፊት የሚወጣበት መልካም አጋጣሚ ነው።

የሕጉ መንገድ

በአዲስ አበባ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ቢሆንም የሚመዘገበው ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶችን በፌዴራሉ ባለሥልጣን ሥር አድርጓቸዋል። አዋጁ የሙያ ማኅበርን በስሙ ያውቀዋል፤ የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ማስፋፋት፣ የአባላቱን ችሎታ ማሳደግና ሙያዊ አስተዋፅኦ ማስተባበር ዓላማው ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። ማኅበር ለመመሥረት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቁጥር አምስት ሰው ነው።

የሚቀርበው ወረቀት ብዙ አይደለም፦ በመሥራቾች የተፈረመ ቃለ ጉባኤ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ስምና ምልክት፣ ዓላማ፣ የሥራ ቦታና አድራሻ። የተሟላ ማመልከቻ ከቀረበ ባለሥልጣኑ በ30 ቀናት ውስጥ ይመዘግባል። ከመሄዳችሁ በፊት የአዋጁን ማሻሻያና ወቅታዊውን ቅጽ ከባለሥልጣኑ ዘንድ አረጋግጡ። ስሙ ከሌላ ድርጅት ጋር እንዳይመሳሰል ሦስት አማራጭ ይዛችሁ ብትሄዱ ምልልስ ይቀንስላችኋል። የምስክር ወረቀቱን ስታገኙ ማኅተም ይቀረጻል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል፣ የባንክ ሒሳብ በማኅበሩ ስም ይከፈታል።

አንድ መምታታት አስቀድሞ ይጥራ። የሙያ ማኅበር የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። በግል ድርጅት የተቀጠሩ ሰዎች ከአሠሪያቸው ጋር የኅብረት ድርድር ማድረግ ከፈለጉ መንገዳቸው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ እሱም የሠራተኛ ማኅበር ቢያንስ 10 አባላት እንዲኖሩት ይጠይቃል። የመንግሥት ሠራተኛው በሌላ ሕግ ይተዳደራል። ማኅበራችሁ ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ ጥናት አዘጋጅቶ ለሚመለከተው ማቅረብ ይችላል፤ «ደመወዝ አስጨምራለሁ» ብሎ ቃል በመግባት አባል መሰብሰብ ግን የለበትም።

ደንብና ገንዘብ

ደንብ ስትጽፉ ከሌላ ማኅበር ገልብጣችሁ ስም ብቻ አትቀይሩ። ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው እድር ዘመናትን የተሻገረው ደንቡ አጭር፣ መዋጮው የታወቀ፣ ቅጣቱም ለሁሉም እኩል ስለሆነ ነው፤ የእናንተም ደንብ ማንኛውም አባል አንብቦ የሚረዳው ይሁን። በውስጡ መቅረት የሌለባቸው፦ የጠቅላላ ጉባኤ ሥልጣንና ምልዓተ ጉባኤ፣ የሥራ አስፈጻሚው ብዛትና የአገልግሎት ዘመን፣ አንድ ሰው በተከታታይ ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል፣ ኦዲተሩ ከሥራ አስፈጻሚው ውጪ ተመርጦ ተጠሪነቱ ለጠቅላላ ጉባኤው መሆኑ፣ አባል የሚታገድበትና የሚሰማበት ሥርዓት፣ ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ። ለሰብሳቢነት በስሙ የታወቀ ሰው ከመፈለግ ይልቅ ስልክ የሚያነሣና ወረቀት የሚጨርስ ጸሐፊ ፈልጉ። ማኅበር የሚሞተው ብዙ ጊዜ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው።

መዋጮውን ትንሹ ደመወዝተኛ ሊከፍለው በሚችለው ልክ ወስኑ። ለምሳሌ 40 አባላት በወር 100 ብር ቢያወጡ በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። ይህ ቢሮ አያከራይም፤ እናንተም ቢሮ አትከራዩ። የአንድ አባል ክሊኒክ አድራሻ ሊሆን ይችላል፣ ስብሰባውም በወረዳ አዳራሽ ይሁን። ገንዘቡ ለሥልጠና፣ ለኅትመት፣ ለደብዳቤ ምልልስና በሥራ ላይ ለተጎዳ አባል ድጋፍ ይዋል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ በቀጥታ ይግባ፤ በሰብሳቢው የግል ስልክ በኩል ለአንድ ሳምንትም ቢሆን አይለፍ። ከባንክ ለማውጣት ከሦስት ፈራሚዎች የሁለቱ ፊርማ ያስፈልግ። በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው በአንድ ገጽ ተጽፎ ለአባላት ሁሉ ይላክ።

ሕጉ ማኅበሩ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ትርፉን ግን አባላት ሊከፋፈሉት አይችሉም። መቆጠብና መበደር የምትፈልጉ ከሆነ ለእሱ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ የተለየ ተቋም መመሥረት አለ፤ ሁለቱን በአንድ ካዝና አትቀላቅሉ። በየዓመቱም የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለባለሥልጣኑ ማቅረብ ግዴታ ነው፤ የበጀት ዓመቱ በተዘጋ በሦስት ወር ውስጥ እንዲደርስ ከወዲሁ አቅዱ።

የሥራ ድርሻና መድኃኒት

አንድ ሰው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ይገባና ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «አንድ ኦክሲ 20 ስጠኝ» ይላል። ላሟ የት ናት? ቤት። ምን ሆናለች? «አልበላ ብላለች።» ሙቀቷ ተለክቷል? አልተለካም። ትታለባለች? አዎ፣ ዛሬ ጠዋትም ወተቷ ተሸጧል። ሻጩ ቴክኒሻን ነው፤ ባይሸጥለት ሰውየው መንገድ ተሻግሮ ከሌላው ይገዛል። ሽያጩ በደቂቃ ያልቃል፤ ወተቱ ለስንት ቀን መጠጣት እንደሌለበት ማንም አይናገርም።

ማኅበራችሁ የሚከበረው ወይም የሚናቀው እዚህ ባንኮኒ ላይ ነው። አንድ ቴክኒሻን ብቻውን «ሳላይ አልሰጥም» ቢል ደንበኛውን ያጣል፤ በአካባቢው ያሉት ሁሉ በአንድ ደንብ ሲስማሙ ግን ደንበኛው የሚሄድበት ሌላ በር አይኖርም። ስለዚህ ከሥነ ምግባር ደንባችሁ መጀመሪያ ይህ ይስፈር፦ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት እንስሳው ሳይታይና ትእዛዝ ሳይኖር አይሸጥም፤ የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑና ቀኑ ይመዘገባል፤ ወተቱ፣ እንቁላሉ ወይም ሥጋው ለምግብ የማይውልበት ጊዜ ለባለቤቱ በወረቀት ይሰጠዋል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥርን የያዘውን የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን በዚህ ላይ ሥልጠና እንዲሰጥ ጋብዙ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ በር ከሚዘጋ ባለሙያ ተቆጣጣሪውን አስቀድሞ የጠራ ይታመናል።

ከሐኪሞች ጋር ያለው ግንኙነትም ከዚህ ይያያዛል። ቴክኒሻን ራሱን «ዶክተር» እያስባለ ማኅበር ቢመሠርት የሚያገኘው ጠላት ነው። ቴክኒሻኑ በራሱ የሚሠራው፣ በሐኪም ክትትል የሚሠራውና ለሐኪም የሚያስተላልፈው ምን ምን እንደሆነ በሠንጠረዥ ጻፉ፤ በአካባቢያችሁ ካሉ ሐኪሞች ጋር ተቀምጣችሁ አርሙት፤ በጋራ ተፈራረሙበት። አባ ሰንጋ የተጠረጠረበት ከብት ሬሳ እንዳይከፈት፣ ብሩሴላ ወይም የሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረባት ላም ለማን ሪፖርት እንደምትደረግ በዚያ ውስጥ ይግባ። እነዚህ በሽታዎች ከላሟ አልፈው ባለቤቱንም ቴክኒሻኑንም ይይዛሉ።

የመጀመሪያው ዓመት

ከተመዘገባችሁ በኋላ በሁለት ወር አንድ ጊዜ የሥልጠና ቀን ይኑራችሁ። አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም አሉ። ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ስትወጡ ሰበታ ላይ አገር አቀፍ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪው ይገኛል። በደብዳቤ ጠይቃችሁ ናሙና አወሳሰድና አላላክ፣ የክትባት ቅዝቃዜ አጠባበቅ፣ የጡት በሽታ ምርመራ በተግባር ተማሩ። ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ትምህርት ስለሆነ ቁጥሩን አሳንሱ፤ በአንድ ዙር ከአሥራ አምስት ሰው በላይ አይሁን። አንጋፋዎቹን ረዳቶችም አስተማሪ አድርጓቸው፤ ጥጃ በምጥ ጊዜ አቀማመጡን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ያላቸው እውቀት ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው መቅረት የለበትም።

ዓመቱ ሲዘጋ ለጠቅላላ ጉባኤው የምታቀርቡት ሪፖርት አራት ነገር ብቻ ይመልስ፦ ስንት አባል የእብድ ውሻ ክትባት አገኘ፣ ስንት ሰው ምን ተማረ፣ ስንት መድኃኒት ቤት በሽያጭ ደንቡ ተስማምቶ ፈረመ፣ ገንዘቡ የት ገባ። ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች መስፋት የሚታሰበው ይህ ከተመለሰ በኋላ ነው።

አሁን አምስት ሰው ይበቃችኋል። በሚመጣው እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ተገናኙ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ምረጡ፣ የዞራችሁበትን ደብተር በመሐል አስቀምጣችሁ ጀምሩ።